የአስተርጓሚው ጉንጭ ውሃ

በድሮ ዘመን፣ ዝንጀሮ ለሽምግልና በሚጠራበት፣ ጅብም ከመንከሱ በፊት ይቅርታ በሚጠይቅበት ዘመን፣ ሦስት አገሮች የሚገናኙበት አንድ ገበያ ነበረ። ወደ ላይ ደጋ ነው። ወደ ታች ቆላ ነው። ከወንዙ ባሻገር ደግሞ ማዶ ነው። ገበያው መሃል አንዲት ትልቅ ሾላ ነበረች። ከሾላዋ ሥር አንድ በርጩማ ነበረ። በበርጩማው ላይ አያ ድንበሩ ይቀመጥ ነበር።

አያ ድንበሩ ማን ነው? አስተርጓሚ ነው። የሦስቱንም አገር ቋንቋ ያውቃል። ቅናቱ ግን ከሦስቱ ቋንቋ ይበልጣል። ሰው ሲመሰገን ከሰማ፣ ያ ምስጋና ከእሱ ጓዳ የተሰረቀ ይመስለዋል። «አውራ ዶሮው እንዴት አሳምሮ ጮኸ!» ቢባል እንኳ ያኮርፋል። አትሳቁ ልጆች፤ እንዲህ ያለ ሰው በእያንዳንዱ መንደር አንድ አይጠፋም።

አስተርጓሚ ለምን አስፈለገ ብትሉ፣ በአንዲት ቃል የተነሣ ነው። ቃሏ «ና» ናት። አንድ ፊደል ናት፤ ሦስት አገር ታጣላለች። ለደገኛ «ና» ማለት ቅረብ ነው። ለቆለኛ «ና» ማለት እኔ፣ ስለ ራሴ ማለት ነው። ለማዶ ሰው ደግሞ «ና» ማለት በቃ፣ ተወው ነው።

አንድ ጊዜ አንድ ደገኛ ምሳውን አቀረበና ሁለት መንገደኞችን «ና! ና!» ብሎ ጠራ። ቆለኛው «እኔ! እኔ!» ሲል ሰማውና «ብቻዬን ልብላ ነው የሚለው» ብሎ አኮረፈ። የማዶው ሰው «በቃ! ተው!» ሲል ሰማውና የዘረጋውን እጅ ሰበሰበ። ደገኛው «ምግቤን ናቃችሁት!» ብሎ ዱላ አነሣ። ምን ልበላችሁ! ምሳው ሳይበላ አንድ ጆሮ ተበላ።

ከዚያ ወዲህ ሽማግሌዎች ሕግ አወጡ። ሰው ሲናገር አስተርጓሚው ከቅሉ አንድ ጉንጭ ውሃ ይይዛል። አይውጠውም። አፉ ውሃ የያዘ ሰው ነገር አያቋርጥምና። ተራው ሲደርስ ሰው ሁሉ እያየ ውሃውን መሬት ላይ ይተፋና ይተረጉማል። ተራው ሳይደርስ የዋጠ ግን ከበርጩማው ይነሣል። «ውሃውን የዋጠ ቃሉንም ይውጣል» ይሉ ነበር።

አያ ድንበሩ ሃያ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ውጦ አያውቅም። ለዚህም ደገኛው ትከሻውን ይስመዋል፣ ቆለኛው ቅቤ ያመጣለታል፣ የማዶው ሰው ዓሣ ያመጣለታል። ይህን ሁሉ ወዶታል። አንድ ነገር ግን አያደርግም ነበር። አይጠይቅም። «አስተርጓሚ ከጠየቀ ምኑን አወቀ?» ይላል። ቆለኛ «ና» ባለ ቁጥር፣ ለምን እንዳለ ሳይጠይቅ፣ «‹ለእኔ› ይላል» ብሎ ለደገኞች ይተረጉምና ወደ ቅቤው ይመለሳል።

አንድ ቅዳሜ ማንጠግቦሽ የምትባል ሸክላ ሻጭ በአህያ ማሰሮ ጭና መጣች። ቆላ ተወልዳ፣ ማዶ አድጋ፣ ደጋ አግብታ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ማሰሮዎቿን ከሾላዋ አጠገብ ደረደረች። አያ ድንበሩ ምሳ ሊበላ በሄደበት ሰዓት አንዲት ቆለኛ እናትና አንድ ደገኛ ማር ሻጭ ተጨቃጨቁ። ማር ሻጩ ሴትዮዋ «ና» ባለች ቁጥር «ለእኔ» ያለች መስሎት ሸክሙን መልሶ አነሣ።

ማንጠግቦሽ አንድ ጉንጭ ውሃ ያዘች። ሁለቱም እስኪጨርሱ ሰማች። ተፋች። ከዚያ አያ ድንበሩ በሃያ ዓመት አንዴ እንኳ ያላደረገውን አደረገች።

«እናቴ፣ ‹ና› ሲሉ እጅዎ ደረትዎ ላይ ነበር። ምን ብለው ነው?» ብላ ጠየቀች።

ሴትዮዋ ልጇ መታመሙን፣ ማሩም ለመድኃኒት መሆኑን ነገረቻት። ማር ሻጩ ይህን ሲሰማ ያነሣውን ሸክም አወረደ። ከደህናው ማር በቅጠል ጠቅልሎ ሰጣት።

አያ ድንበሩ ከምሳ ሲመለስ ገበያተኛው ማንጠግቦሽን ከቧታል። ይስቃል፣ ያወራል። በርጩማው ብቻውን ቆሟል። የአያ ድንበሩ ቆሽቱ አረረ። «እኔ ሃያ ዓመት ስተረጉም ማን ሳቀልኝ?» አለ በሆዱ። እውነቱን ነው፤ ማንም አልሳቀለትም ነበር። ያ ደግሞ ይበልጥ አናደደው።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ሦስት ሰዎች እሱን ትተው ወደ እሷ ሄዱ። በሁለተኛው ቅዳሜ ገበያው ግማሽ ሄደ። በሦስተኛው ቅዳሜ ማን ቢሄድ ጥሩ ነው? ሚስቱ ደብሪቱ! ማሰሮ ልትገዛ ሄዳ እስከ ገበያው መፍቻ እዚያው ቀረች።

ማታ እራት ላይ ደብሪቱ እንዲህ አለች፦ «ሰምተዋል አንቱ? ያቺ ማንጠግቦሽ ስታዳምጥ ዓይኗም አብሮ ያዳምጣል።»

አያ ድንበሩ ያነሣውን ጉርሻ መልሶ መሶቡ ላይ አኖረ። «እኔስ?» አለ።

«እርስዎማ ምን ይወጣልዎ! ሰውየው ተናግሮ ሳይጨርስ ያውቁታል።»

እሷ ማመስገኗ ነበር። እሱ ግን እንደ ስድብ ቆጠረው። ያን ሌሊት ገላበጠውና ገላበጠው፤ ከየትም በኩል ቢያየው የተወጋ መሰለው።

ነገር መሥራት ጀመረ። መጀመሪያ ወደ ገበያው ሹም ወደ ነጋድራስ ዘርጋው ሄደ።

«ጌታዬ፣ ይቺ ሴት እኮ ቋንቋ አታውቅም። ባለጉዳዩን ‹ምን ማለትዎ ነው?› ብላ ትጠይቃለች! ይህ ነውር አይደለም?»

ነጋድራስ ዘርጋው ጢማቸውን አሻሹ። «እኔም ወደ አገሯ ስሄድ መንገድ እጠይቃለሁ፤ እስካሁን ገደል አልገባሁም» አሉት። አያ ድንበሩ እጅ ነሥቶ ወጣ። ቅናቱ ግን አብሮት ወጣ።

ሁለተኛ፣ ወሬ ነዛ። «የማንጠግቦሽ ማሰሮ ያፈሳል። ማሰሮዋ የሚያፈስ ሴት ምስጢርስ ትይዛለች?» አለ። ወሬው ከሾላው እስከ ወንዙ ደረሰ። ማንጠግቦሽ ሰማች፤ አልተሳደበችም። ትልቁን ማሰሮዋን ውሃ ሞልታ፣ በአኮፋዳ ክዳን ከድና፣ ከሾላዋ ሥር አቆመችው። «ያፈሰሰ ቀን ንገሩኝ» አለች። አንድ ሳምንት ቆመ። ሁለት ሳምንት ቆመ። ሦስት ሳምንት ቆመ። ውሃው በየጊዜው ይለወጣል እንጂ ከሥሩ ያለው አፈር አንዴም አልረጠበም። ሰው ሁሉ ማሰሮ ሊገዛ ተሰለፈ። አያ ድንበሩ ገበያ አሟቂዋ ሆነላት።

በዚያ ዓመት ዝናብ ቀረ። የቆላው ጉድጓድ ሁሉ ደረቀ። የቆላ ሰዎች ከነከብቶቻቸው፣ ከነልጆቻቸው ሰባት ቀን ተጉዘው ከደጋው ምንጭ በታች ደረሱ። መሪያቸው አባ ሮባ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ደገኞቹ ግን ዱላቸውን ይዘው መንገዱን ዘጉ።

«እነዚህ ሰዎች ‹ለእኔ፣ ለእኔ› ከማለት ሌላ የማያውቁ ናቸው። ሃያ ዓመት ሰምተናቸዋል። ምንጩን አንዴ ከያዙ አይለቁትም» አሉ።

ከማን ነው የሰሙት? እናንተ ታውቃላችሁ።

ነጋድራስ ዘርጋው ሁለቱን ወገን ለቅዳሜ ከሾላው ሥር ቀጠሩ። የማዶ ሰዎችም ለሽምግልና ተጠሩ። ነጋድራሱ አያ ድንበሩን አስጠሩና «ነገሩ የደም ነገር ነው፤ በአንድ ሰው አይወጣም። አንተ የደጋውን ቃል ተርጉም፤ የቆላውን ማንጠግቦሽ ትተርጉም። ሁለታችሁም እስከ ተራችሁ ውሃ ያዙ» አሉት።

ግማሽ በርጩማ ተወሰደ ማለት ነው! አያ ድንበሩ ዓይኑ ቀላ። «ዛሬ ግማሹን ሰጠኋት። ቅዳሜ ከተሳካላት ሌላውንም ትወስዳለች። ከዚያ እኔ ማን ነኝ? ቅቤ የማይመጣለት ሽማግሌ!» ከብቶቹ በጥም እየወደቁ ነው፤ እሱ የሚያስበው ስለ መቀመጫው ነው። ቅናት ሲገባ እንዲህ ነው፤ የጎረቤት ቤት እየነደደ እሱ ጎረቤቱ ምን እንደለበሰ ያያል።

ቅዳሜ ገና ጎህ ሲቀድ ተነሣ። የተደቆሰ ሚጥሚጣ በጨርቅ ቋጠረ። ማንጠግቦሽ አህያዋን ልታስር ዞር ስትል፣ ከሾላዋ ግንድ ወደተንጠለጠለው ቅሏ ተጠጋ። ሚጥሚጣውን ጨመረ። ነቀነቀ። መልሶ ሰቀለ። «እስቲ አሁን ያዢ!» አለ በሆዱ። ከሠርጉ ቀን ወዲህ ያን ያህል ደስ ብሎት አያውቅም።

ሰው ተሰበሰበ። ደገኞች በላይ፣ ቆለኞች በታች፣ የማዶ ሰዎች በጎን ተቀመጡ። ነጋድራሱ መሃል ናቸው። «አስተርጓሚዎች፣ ውሃችሁን ያዙ!» አሉ።

አያ ድንበሩ ቅሉን አነሣ። ባዶ ነው! ገለበጠው፤ ጠብ የሚል የለም። የሰው ቅል ሲያሰናዳ የራሱን ሳይሞላ መጥቷል። ፊቱ አመድ መሰለ።

ማንጠግቦሽ አየችው። ታናሽ በታላቅ ፊት ቀድሞ አይጎነጭም፤ ያ የገበያው ወግ ነው። ቅሏን በሁለት እጇ ይዛ ጎንበስ አለች።

«አያ ድንበሩ፣ የእኔን ይያዙ። ለእኔ በማሰሮዬ አለልኝ።»

«የለም፣ የለም፣ ግድ የለም…»

«ይቅደሙ እንጂ! በእናቴ ሞት!»

ሦስት አገር ሕዝብ እያየ፣ በእናት ሞት ተለምኖ፣ እንዴት እምቢ ይባላል? ተቀበለ። ጎነጨ። እሷም ከዚያ ያፈሳል ከተባለው ማሰሮ አንድ ጉንጭ ያዘች። ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም ያሉት ለዚህ ነው።

አባ ሮባ ተነሥተው መናገር ጀመሩ። ሽማግሌ ናቸው፤ ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት። አያ ድንበሩ ምላሱ ነደደ። ድዱ ነደደ። ጆሮው ጋለ፣ አፍንጫው ፈሰሰ፣ እንባው ዱብ ዱብ አለ። አንዲት ደገኛ አሮጊት አዩትና «አያ ድንበሩን እዩልኝ! ለሰው ከብት እንዲህ ሲያለቅስ! ምን ያለ ርኅሩኅ ነው!» አሉ።

ያቺ ምስጋና ለአያ ድንበሩ ማር ሆነችለት። ሚጥሚጣውን ቻለው። ጉንጩን ነፍቶ፣ እንባውን እያፈሰሰ፣ ጸጥ ብሎ ቻለው። ይህን አትርሱ ልጆች፦ ሚጥሚጣውን ችሎታል።

አባ ሮባ ሲጨርሱ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ና። ና። ና።» ብለው ተቀመጡ።

ደገኞቹ አጉረመረሙ። «ይኸው! ‹ለእኔ፣ ለእኔ፣ ለእኔ› አሉ!» ዱላዎች ከመሬት ተነሡ።

ማንጠግቦሽ ውሃዋን ተፋች። ወደ አባ ሮባ ሄዳ በቋንቋቸው ዝቅ ብላ ጠየቀቻቸው፤ እሳቸውም መለሱላት። ከዚያ ወደ ደገኞቹ ዞረች።

«ወገኖቼ፣ አባ ሮባ የሚሉት ይህ ነው። ‹ሰባት ቀን ተጓዝን። በሁለተኛው ቀን ነጯ ጥጃ ወደቀች፤ ና አልኩ። በአራተኛው ቀን ወተት የምትሰጠን ላም ወደቀች፤ ና አልኩ። በሰባተኛው ቀን የልጅ ልጄ ወደቀ፤ ና አልኩ።› ልጁ በሕይወት አለ፤ ያው እዚያ ጥላው ሥር ተኝቷል። አሁን እናቶች ንገሩኝ። ልጃችሁ ተደናቅፎ ሲወድቅ ደረታችሁን ይዛችሁ ምን ትላላችሁ?»

ከኋላ አንዲት እናት በቀጭን ድምፅ «እኔን!» አለች።

«ይኸው ነው። አባ ሮባ ‹ለእኔ› አላሉም። ‹እኔን› ነው ያሉት። እኔን ይድፋኝ፣ እኔን ይጣለኝ ነው ያሉት። ሲጠማቸው የከረሙት ልጆች ውሃ ይጠጡ፤ እሳቸው ባይጠጡም ግድ የላቸውም።»

እናቶቹ አለቀሱ። የወንዶቹ ዱላ ወደ መሬት ተመለሰ። አንዷ «እልልል!» አለች፣ ሌላዋ ተከተለች። «እውነትም ማንጠግቦሽ! አፍሽ ቅቤ ይጠጣ! እስከ ዛሬ የት ነበርሽ!» እያለ ሕዝቡ ተነሣ። ደብሪቱ ደግሞ ከሁሉም በላይ ድምፅ አውጥታ «አላልኳችሁም? አላልኳችሁም?» ትላለች።

አያ ድንበሩ ይህን ሁሉ በተነፋ ጉንጩ ይሰማል። እስከ ዛሬ የት ነበርሽ! ሃያ ዓመት እሱ የት ነበረ? ሚስቱ እንኳ! አንድ ቃል ከሆዱ ተነሣ። «እኔም አውቀው ነበር!» ሊል ፈለገ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንዴ ብቻ ሰው ወደ እሱ እንዲዞር ፈለገ። ቃሉ ወደ ላይ ሲወጣ ውሃው ወደ ታች ወረደ።

ጉልቅ!

ቅድም ርኅሩኅ ያሉት አሮጊት ጉሮሮውን ሲያዩ ነበርና «ዋጠ!» ብለው ጮኹ።

እልልታው ቆመ። ሰው ሁሉ ወደ አያ ድንበሩ ዞረ። የፈለገው ይኸው አልነበር? ዞረለት! ግን ሚጥሚጣው ጉሮሮው ደርሷል። ሳል ያዘው። አነቀው። ከበርጩማው ተንከባሎ መሬት ወደቀ፤ እጁ አየር ይጨብጣል፣ ትንፋሽ አጣ።

ቀድመው የደረሱት አባ ሮባ ናቸው። ከመሬት አንሥተው በጉልበታቸው ላይ አስደገፉት። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ና! ና! ና!» አሉ።

ደገኞቹ ሰሟቸው፤ «ና፣ ቅረብ፣ ከእኛ ጋር ሁን» የሚሉት መሰላቸው። የማዶ ሰዎችም ሰሟቸው፤ «በቃ፣ ተዉት፣ አትፍረዱበት» የሚሉ መሰላቸው። ቆለኞቹ «እኔን» ሲሉ ሰሙ። ማንም «ተርጉሙልን» አላለም። ሽማግሌው ኋላ ሲጠየቁ «ሦስቱንም ማለቴ ነው» አሉ።

አባ ሮባ ለልጅ ልጃቸው ያስቀመጧት አንዲት ጭልፋ የማትሞላ ወተት ነበረቻቸው። ልጁን ዞር ብለው አዩት፤ ልጁም ራሱን ነቀነቀ። ወተቷን ለአያ ድንበሩ አጠጡት። የማይሽር መስሎ የነበረው ማቃጠል በረደ።

ማንጠግቦሽ ቅሉን አንሥታ አሸተተችው። ገባት። ጎንበስ ብላ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ፣ «አያ ድንበሩ፣ ይህ ቅል እኮ የእኔ ነበር» አለችው። ሌላ ምንም አልጨመረችም።

ብትጮህበት ኖሮ ይክድ ነበር። ስላልጮኸች ግን መካድ አቃተው። በሻከረ ድምፅ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ተናገረ።

«ሚጥሚጣውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ማሰሮዋ ያፈሳል ያልኩትም እኔ ነኝ። ሃያ ዓመት ‹ለእኔ፣ ለእኔ› ሲል የኖረው ሰው አባ ሮባ አልነበረም። እኔ ነበርኩ።»

ነጋድራስ ዘርጋው ፈረዱ። መጀመሪያ የምንጩን ነገር ፈረዱ፤ ከብቶቹ ዝናብ እስኪመጣ ከደጋው ምንጭ ይጠጡ ተባለ፣ ደገኞችም መንገዱን ራሳቸው ጠረጉ። ልጁ ከሁሉ ቀድሞ ጠጣ። በርጩማው ለማንጠግቦሽ ተሰጠ። አያ ድንበሩ ደግሞ የአስተርጓሚዎቹን ቅል የሚሞላ እሱ እንዲሆን፣ ከሞላም በኋላ ሰው ሁሉ እያየ መጀመሪያ የሚቀምሰው እሱ እንዲሆን ተፈረደበት።

ቅናቱስ ለቀቀው ወይ ትሉኛላችሁ? አልዋሻችሁም፤ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀውም። ማንጠግቦሽ ስትመሰገን አሁንም ቅር ይለዋል። ያን ጊዜ ከቅሉ አንድ ጉንጭ ውሃ ይይዝና ምስጋናው እስኪያልቅ ዝም ብሎ ይቆያል። ከዚያ ይተፋና «እኔም እውነቷን ነው እላለሁ» ይላል። ሚስቱ ደብሪቱ ያቺን ቃል ከቅቤውም ከዓሣውም አብልጣ ወደደችለት።

ነገሩ ይህ ነው፦ አንዲት ቃል በየአገሩ ሌላ ልብስ ትለብሳለች፤ ሳትጠይቅ አትፍረድባት። የሌላውን ምስጋና መዋጥ ያቃተው ደግሞ የራሱን መርዝ ይውጣል።

እኔም በአፌ የያዝኩትን ይኸው ተፋሁላችሁ፤ አሁን የመናገር ተራው የእናንተ ነው።